በእንጦጦ ግርጌ ያሉ የጭቃ ቤቶች

ከስድስት ኪሎ ተነሥቶ ወደ ሰሜን ሽቅብ የሚጓዝ ሰው፥ ትንፋሹ ማጠር ሲጀምር የጉለሌን ምድር መርገጡን ያውቃል። መንገዱ በአሜሪካ ኤምባሲ አጥር አጠገብ አልፎ ወደ ሽሮ ሜዳ ይወጣል፤ ከዚያም ባሕር ዛፉ በግራና በቀኝ እየተጠጋጋ እስከ እንጦጦ ራስ ይደርሳል። ለጉብኝት የመጣ ሰው በዚህ መንገድ ሲያልፍ ዐይኑን የሚጥለው በነጠላውና በጥበብ ቀሚሱ ላይ ነው፤ በሽሮ ሜዳ ሱቆች ደጃፍ የተሰቀለው የሀገር ልብስ ሌላ ነገር እንዲታይ አይፈቅድምና። እኔ ግን የጥምቀት ሰሞን ካለፈ በኋላ ሦስት ቀን ሙሉ ጉለሌን በእግሬ ስዞር የተመለከትሁት ግድግዳ ነው። አንባብያን ሆይ፥ ግድግዳ ለማየት ሦስት ቀን ምን ያደርጋል ብላችሁ አትሣቁብኝ፤ ከእናንተ ብዙዎቻችሁ በእንደዚህ ያለ ግድግዳ ውስጥ ተወልዳችሁ ያደጋችሁ ናችሁ፥ አንዳንዶቻችሁም ዛሬ ይህንኑ ግድግዳ ማፍረስ ይሻል ይሆን ማደስ እያላችሁ ትመክራላችሁ።

የጉለሌ አሮጌ ቤት በአመዛኙ የጭቃ ቤት ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብና የቤት ቆጠራ በተደረገ ጊዜ በአዲስ አበባ ከነበሩት ቤቶች የሚበዙት ግድግዳቸው ከእንጨትና ከጭቃ የተሠራ ነበር። ከዚያ ወዲህ የብሎኬትና የአርማታ ሕንፃ ቢበዛም፥ በቀጨኔ፥ በሩፋኤል፥ በሽሮ ሜዳም ውስጥ ለውስጥ የሚሄድ ሰው አሁንም ይህንኑ ቤት ያገኛል። አንዳንዱ እንደ ጥንቱ በጭቃ ተመርጎ በኖራ ነጥቷል፤ ሌላው ደግሞ ፊቱ በሲሚንቶ ተለስኗል። ነገሩ ያለውም በዚህ በሲሚንቶው ላይ ነው። ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍታ ድረስ ሲሚንቶው ተነፋፍቶ፥ በጣት ሲያንኳኩት እንደ ባዶ ገንቦ ይጮኻል። ከወደቀበት ስፍራ ውስጡ ያለው ጭቃ እንደ ዱቄት ይፈሳል፤ ከጭቃውም በስተ ኋላ የቆመው እንጨት እግሩ ጠቁሮና በስብሶ ይታያል። ጭቃቸው በግልጥ የሚታየው፥ ድኻ የሚመስሉት ቤቶች ግን፥ ጣሪያቸው ደኅና ከሆነ፥ ፊታቸው ቢሰነጣጠቅም እንጨታቸው ደረቅ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የጭቃ ግድግዳ ውሃ ይጠጣል፥ የጠጣውንም መልሶ ይተነፍሳል። በክረምት ርጥበት ሲበዛ ይስባል፤ ፀሓይ ሲወጣ ያወጣዋል። ሲረጥብ በጥቂቱ ያብጣል፥ ሲደርቅ ይኰማተራል። ሲሚንቶ ግን ጠጣር ስለ ሆነ ከጭቃው ጋራ አያብጥም፥ ከጭቃውም ጋራ አይኰማተርም። ስለዚህ ሁለቱ በጊዜ ብዛት ይለያያሉ፤ ሲሚንቶውም እንደ ፀጉር የቀጠነ ስንጥቅ ያወጣል። ዝናቡ በስንጥቁ ይገባል፥ መውጫ ግን ስለማያገኝ ወደ ታች ወርዶ በግድግዳው እግር ይጠራቀማል። በዚያ ጨለማና ርጥብ ስፍራ እንጨቱ ይበሰብሳል፤ ምስጡም መንገዱን ያገኛል። ባለቤቱ ደግሞ ስንጥቁን ባየ ጊዜ በላዩ ሌላ ሲሚንቶ ይጨምርበታል። በዓመት እስከ 1,200 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ዝናብ በሚጥልበት፥ የሚበዛውም ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ብቻ በሚወርድበት አገር፥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የጭቃ ቤት ዕድሜው አጭር ነው የሚለውን ሰው፥ እግሩ ከፈቀደለት፥ ወደ እንጦጦ ራስ ይዤው ብወጣ እወድ ነበር። በዚያ በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የዳግማዊ ምኒልክ አዳራሽ ቆሟል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከመቆርቆሯ በፊት የንጉሡ ከተማ በዚህ ተራራ ላይ ነበረ፤ ምኒልክም ንጉሠ ነገሥት ተብለው የተቀቡት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. በዚሁ በእንጦጦ ማርያም ነው። ንጉሠ ነገሥት የሚሆን ሰው የተቀመጠበት ይህ ቤት ከድንጋይ፥ ከእንጨት፥ ከጭቃና ከሣር የተሠራ፥ ግድግዳውም የነጣ ነው። ጎብኝዎች ገብተው «ይኸው ነውን?» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ፤ ቤተ መንግሥት ሲባል እብነ በረድ ጠብቀው ኖሯል። እኔን ያስደነቀኝ ግን ከመቶ ዓመት በላይ በዚያ በነፋሻው ራስ ላይ መቆሙ ነው። ምስጢር የለውም፤ ጣሪያው ግድግዳውን አልፎ ወደ ውጭ ይወጣል፥ ከግድግዳውም ሥር ውሃ እንዲቆም አይተዉም፥ የተጎዳውንም እየጠገኑ አኑረውታል።

የቀድሞዎቹ ቤቶች ቋሚዎች ጽድና ወይራ ነበሩ። ጽድ ምስጥ በቶሎ የማይደፍረው እንጨት ነው። በምኒልክ ዘመን ባሕር ዛፍ ከውጭ መጥቶ ከተተከለ ወዲህ ግን፥ ቶሎ የሚያድግና ቀጥ ያለ ስለ ሆነ፥ የአዲስ አበባ ቤት ሁሉ እንጨቱ ባሕር ዛፍ ሆነ። ለከተማይቱ ባለውለታዋ ነው፤ ያለ እርሱ ምኒልክ ማገዶና የቤት እንጨት ፍለጋ ከተማቸውን ወደ ሌላ ስፍራ ማዛወር ሳይኖርባቸው አይቀርም ነበር። ነገር ግን እግሩ እርጥበት ካገኘው ምስጥ ይወደዋል። ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ባቋቋሙት በጉለሌ የዕፀዋት ማእከል ውስጥ የሀገር በቀል ዛፎች እንደ ገና እየተተከሉ ነው፤ እዚያ ያለውን የጽድ ችግኝ ሳይ፥ ይህን የሚጠርብ አናጢ ገና አልተወለደም አልሁ በልቤ።

ሁለተኛው ለውጥ የጣሪያው ነው። የሣር ክዳን ወፍራም ስለ ሆነ ክፈፉ ከግድግዳው ርቆ ይወርዳል። ቆርቆሮ ግን በገንዘብ የሚገዛ ስለ ሆነ ሰው ሁሉ ለመቆጠብ ሲል በግድግዳው ልክ ያስቈርጠዋል። እንግዲህ ከቆርቆሮው የወረደው ውሃ መሬቱን መትቶ መልሶ የሚረጨው ግድግዳውን ነው። የጉለሌ ቤቶች ሕመም ሁሉ ከጕልበታቸው በታች የሆነው ስለዚህ ነው። ሌላም ምክንያት አለ። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት ባደረገ ጊዜ ብዙ የተከራዩ ቤቶች ወደ ቀበሌ ገቡ። ኪራያቸው ጥቂት በመሆኑ ለጥገና የሚተርፍ ገንዘብ አልነበረም፤ ተከራዩም የእኔ ባልሆነ ቤት ስለ ምን እደክማለሁ አለ። በየዓመቱ መመረግ የሚገባው ግድግዳ እንዲህ ሆኖ ብዙ ዓመት ሳይመረግ ቀረ።

ከእንጦጦ ወርጄ በሽሮ ሜዳ ጓሮ ወደ አንድ የሸማኔ ቤት ገባሁ። የሽሮ ሜዳ ሸማኔዎች ብዙዎቹ ወላጆቻቸው ከጋሞ ደጋ የመጡ ናቸው። ሸማኔው እግሩን በጉድጓድ ውስጥ አውርዶ በጉድጓዱ አፍ ይቀመጣል፤ መርገጫው ያለው ከታች ነው። ስለዚህ የሸማኔ ቤት ወለሉ አፈር መሆኑ ለድኽነት ሳይሆን ለሥራው ነው። ይህ ሰው ከጥቂት ዓመታት በፊት ወለሉን ሁሉ በሲሚንቶ አስደርጎ ጉድጓዱን ብቻ አፈር ትቶት ነበር። በመጀመሪያው ክረምት በወለሉ ሥር የነበረው ርጥበት መተንፈሻ ሲያጣ ወደ ጉድጓዱ መጣ፤ ድርና ማጉም መሻገት ጀመረ። በማግሥቱ በጋ ሲሚንቶውን ሰብሮ አወጣና ከበታቹ ጠጠር አንጥፎ አፈሩን መልሶ ደልድሎ በእበት ለቀለቀው። «እኛ ቤት ስንሠራ ምስጥ እንደሚመጣ እናውቃለን» አለኝ። የዶርዜን ቤት ማለቱ ነው፤ እርሱም ከቀርከሃ እንደ ቅርጫት ተሸምኖ ቁመቱ እጅግ ከፍ ብሎ ይሠራል፤ ምስጥ እግሩን ሲበላው የተበላው ይቈረጥና ቤቱ በዚያው ልክ ያጥራል፥ ሲያስፈልግም ሰዎች ተሸክመው ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሩታል። እንደዚህ አድርጎ ከምስጥ ጋራ የተዋዋለ ቤት በሌላ አገር መኖሩን አልሰማሁም።

ከሽሮ ሜዳ ወደ ምዕራብ ሲሻገሩ ቀጨኔ ነው። የቀጨኔ ሴቶች በሸክላ ሥራቸው የታወቁ ስለ ሆኑ፥ በዚህ ሰፈር ስለ አፈር የሚናገር ሰው ቃሉን መርጦ መናገር ይገባዋል። በቀጨኔ መድኃኔ ዓለም በላይ በኩል አንዲት ባልቴት አባታቸው ከ1928ቱ የጠላት ወረራ በፊት ባሠሩት ቤት ይኖራሉ። ቤቱ ሦስት ክፍልና አንድ በረንዳ አለው፤ ኮርኒሱ አቡጀዲ ነው። ልጃቸው አፍርሶ በብሎኬት መሥራት ፈልጎ ነበር። ነገር ግን የብሎኬቱ፥ የብረቱና የሲሚንቶው ሒሳብ ሲደመር ዐቅሙን አለፈ፤ በ2014 እና በ2015 ዓ.ም. ሲሚንቶ ጠፍቶ ዋጋው የናረበትን ጊዜ ደግሞ አልረሳውም። እናቱም «እኔን ቅበሩኝና አፍርሱት» አሉ። በዚህ መካከል አንድ ሽማግሌ መራጊ ተጠራ።

ልጅየው ሲሚንቶውን እንዳይነካ ለመነው። «አባባ፥ ቤቱን የያዘው እርሱ ነው፤ ከተነቀለ ይወርዳል» አለው።

«ሲሚንቶው ቤቱን የያዘው መስሎህ ነውን ልጄ? ቤቱ ነው እንጂ ሲሚንቶውን የያዘው» አለ ሽማግሌው፤ መዶሻውንም አነሣ።

ሥራው የተጀመረው በኅዳር ነው፤ ከግድግዳው ግን አልተጀመረም። አስቀድመው ቆርቆሮውን በአዲስ ወራጅ ወደ ውጭ ሁለት ክንድ ያህል አስረዘሙት፥ አሸንዳም ሰቀሉለት። ከቤቱ በስተ ኋላ ከተራራው የሚወርደው ውሃ ግድግዳውን ሳይነካ እንዲያልፍ ቦይ ቈፈሩ። በዓመታት ብዛት በግድግዳው ሥር ተከምሮ የነበረውን አፈርና ጥራጊም ጠርገው የጥንቱን የድንጋይ መሠረት ገለጡት፤ ይህ መሠረት ከመሬት በላይ አንድ ክንድ ያህል ነበረ፥ ሆኖም ከተቀበረ ዘመን የለውም። ከዚህ በኋላ ብቻ ሲሚንቶውን ከነሽቦ መረቡ አነሡ። ግድግዳውም ታኅሣሥን ሁሉ ራቁቱን ቆሞ ደረቀ። በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ በሙሉ እንደ ጓዳ ይሸት ነበር አሉ ባልቴቲቱ፤ በሦስተኛው ሳምንት ሽታው ጠፋ፥ ስንት ዓመት ያሠቃያቸው የነበረው የመኝታ ቤቱ ሻጋታም ደረቀ።

እግራቸው የበሰበሰ አራት ቋሚዎች ተገኙ። መራጊው አንድ ጊዜ አንዱን ብቻ ነው የሚነካው፤ አስቀድሞ ወራጁን በድጋፍ ይይዛል፥ የበሰበሰውን እስከ ደረቁ ድረስ ይቈርጣል፥ ከበታቹም ጥቁር ድንጋይ አስገብቶ ቋሚው አፈር ሳይነካ በድንጋዩ ላይ እንዲቆም ያደርጋል። ሁለቱ ግን መለወጥ ነበረባቸው። አዲሶቹን ከማቆሙ በፊት እግራቸውን በእሳት ለብልቦ አጠቈረው፤ ምስጥ የከሰለ እንጨት አይወድምና። የተቃጠለ የመኪና ዘይት ይቀባ ያለ ጎረቤት ነበረ፤ ይህም በከተማችን የተለመደ ነው። ባልቴቲቱ ግን ጓሮ ያለው ጎመኔ ነው ብለው ከለከሉ፤ እኔም በዚህ ነገር ከእርሳቸው ጋራ ነኝ።

ጭቃው የሚቦካው ከጓሮ በተቈፈረ ጉድጓድ ነው። የጉለሌ ቀይ አፈር ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው፤ በከተማይቱ ቈላማ ወገን ያለው መረሬ ግን ሲደርቅ እጅግ ስለሚሰነጠቅ ለብቻው አይሆንም። አፈሩ ከጠጠሩ ተነፍቶ ከጤፍ ጭድና ከውሃ ጋራ ይረገጣል፥ ይተዋል፥ ደግሞም ይረገጣል፤ እስከ 15 ቀን ድረስ። በዚህ ጊዜ ጭዱ ይበሰብስና የሚያጣብቅ ነገር ይወጣዋል፤ ሽታው ለጎረቤት የሚመች አይደለም፥ ነገር ግን ያልቦካ ጭቃ እንዳልቦካ ሊጥ ነው። ሥራው ለጥር የተቀጠረውም በከንቱ አይደለም፤ ጤፉ ተወቅቶ አዲስ ጭድ የሚገኝበት ወቅት ነው፥ ፀሓዩም አለ። የመጀመሪያው ምርጊት በማገሩ መካከል እየተወረወረ ይጠቀጠቃል። ሲደርቅ መሰንጠቁ አይቀርም፤ መሰንጠቁም ለሁለተኛው ምርጊት መያዣ ይሆነዋል። ከሁለተኛው በኋላ በጥሩ የተነፋ አፈር ከእበት ጋራ ተዋሕዶ በእጅ መዳፍ ይለሰናል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ጭቃ ርካሽ ነው ሲባል እበቱን የምታመጣው፥ ውሃውን የምትቀዳው፥ ልስኑንም በመዳፏ የምታለሰልሰው ብዙ ጊዜ ሴት መሆኗ ይረሳል። ድካሟ በሒሳብ ካልገባ ሒሳቡ ትክክል አይደለም። በዚህ ቤት ለሁለት ሴቶች የቀን ዋጋ ተከፍሏቸዋል፤ እንዲያም ሆኖ ወጪው ለብሎኬቱ ከታሰበው ጋራ የሚወዳደር አልነበረም።

የመጨረሻው ኖራ ነው። ኖራ ግድግዳውን ያነጣል፥ ዝናቡንም በመጠኑ ይመልሳል፥ ይሁን እንጂ እንደ ሲሚንቶ ትንፋሹን አይዘጋውም። የተቃጠለው ኖራ ውሃ ሲነካው ይፈላል፤ ስለዚህ ልጆችን ማራቅና ዐይንን መጠበቅ ያስፈልጋል። ከተፋ በኋላ ብዙ ቀን በውሃ ውስጥ ተቀምጦ፥ እየቀጠነ ሦስትና አራት ጊዜ ይቀባል። አንድ ጊዜ ወፍራም አድርጎ መቀባት የሰነፍ ሥራ ነው፤ ይላጣል።

ይህ ጉዳይ የድኻ ቤት ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ የጎንደርን ግንቦች አስቡ። የፋሲል ግቢ ግንቦች በድንጋይና በኖራ የተሠሩ ናቸው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ጠጋኞች መጥተው በሲሚንቶና በአርማታ ጠገኗቸው፤ በኋላ የመጡት ባለሙያዎች ግን ያንኑ ሲሚንቶ እያነሡ በኖራ መተካት ግድ ሆነባቸው። በማሊ አገር በጄኔ ከተማ ያለው ታላቁ የጭቃ መስጊድ ደግሞ፥ የአሁኑ ሕንፃ በ1907 እንደ አውሮጳ አቈጣጠር የተሠራ ሲሆን፥ የከተማው ሰው ሁሉ በየዓመቱ ወጥቶ በበዓል ደስታ ይመርገዋል። ለአንዱ የሥራ ቀን የሆነው ለሌላው እንደ ደመራ ያለ ቀን ነው።

ሲሚንቶን ጠላት አድርጌ መናገሬ አይደለም። መታጠቢያ ቤት፥ መጸዳጃ ቤት፥ የውሃ ጉድጓድና የፍሳሽ ቦይ ያለ ሲሚንቶ አይሆኑም፤ ጭቃም በወንዝ ዳር ወይም ውሃ በሚያጥለቀልቀው ሜዳ ለሚሠራ ቤት አይመከርም። ነገር ግን ሲሚንቶ ለመሥራት ድንጋዩ እስከ 1,450 ዲግሪ ድረስ መጋል አለበት፤ በዓለም ላይ ከሰው ሥራ ከሚወጣው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመቶ 7 ወይም 8 የሚሆነው ከዚህ ሥራ ነው። ኖራ የሚቃጠለው በ900 ዲግሪ ገደማ ሲሆን፥ በግድግዳው ላይ ሲጠነክር ከለቀቀው ጥቂቱን ከአየር መልሶ ይወስዳል። የጓሮ አፈር ደግሞ እሳት አይሻም። ይህንም የሚያውቁት ሽማግሌዎች ብቻ አይደሉም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕንፃ ኢንስቲትዩት በ2003 ዓ.ም. ገደማ ከስዊስ አገር የዙሪክ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጋራ ሆኖ ሱዱ የተባለ ባለ አንድ ፎቅ ቤት በከተማችን ለሙከራ ሠርቷል፤ የምድር ቤቱ ግድግዳ ከተጠቀጠቀ አፈር፥ ወለሉና ጣሪያውም ከአፈር ጡብ በቅስት የተሠሩ ናቸው።

በሁለተኛው ቀን ከሩፋኤል ወደ ሼጎሌ ወረድሁ። ሼጎሌ የሚለው ስም የቤንሻንጉል ገዥ ከነበሩት ከሼኽ ሆጀሌ ስም የመጣ ነው ይባላል፤ ያሠሩት ትልቅ ቤትም በዚያው ሰፈር ነው። እንደዚህ ያለው ቤት ስም ስላለው በቅርስነት ይታሰባል፤ የ1992ቱ የቅርስ አዋጅም ለእንዲህ ያለው ነገር የወጣ ነው። የቀጨኔዋ ባልቴት ቤት ግን በየትኛውም መዝገብ የለም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማት በፒያሳና በአካባቢዋ ብዙ አሮጌ ቤቶች ሲፈርሱ አይተናል፤ ከእነዚህ መካከል ሊድን የሚችለው የትኛው እንደ ነበረ ለማወቅ አሁን መንገድ የለም። የቈሸሸና የዘመመ ቤት ለፈራሹ ቀላል ነው። ቀጥ ብሎ የቆመና የነጣ ቤት ግን፥ ቢያንስ፥ ባለቤቱ የሚከራከርለት ቤት ይሆናል።

በሦስተኛው ቀን ወደ ቀጨኔ ተመልሼ ሄድሁ። የፊት ለፊቱ ግድግዳ ሁለተኛ ምርጊቱን ጨርሶ ይደርቃል፤ የጓሮው ገና ነው። ሽማግሌው መራጊ ደቀ መዝሙር እንዳለው ጠየቅሁት። ሁለቱ ልጆቹ አንዱ ሾፌር፥ ሌላው ብረት በያጅ መሆናቸውን ነገረኝ፤ ቅሬታ ግን አላሰማም። በጉድጓዱ ውስጥ የባልቴቲቱ ልጅ ሱሪውን እስከ ጕልበቱ ሰብስቦ ጭቃውን ይረግጥ ነበር፤ ቅዳሜ ስለ ነበረ ከቢሮው ዕረፍት ነው። ሽማግሌው ከዳር ቆሞ «በተረከዝህ ልጄ፥ በተረከዝህ» ይለዋል። እናቱም ከበረንዳው ላይ ቡና እየወቀጡ ያዩታል።